የትሮፖኒን ምርመራ ከናሙና እስከ ውጤት፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ላብራቶሪዎች

ይህን መመሪያ የምጽፈው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ክሊኒኮች ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን) ለሚሠሩ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ውጤቱን የሚቀበሉ ሲስተሮችና ሐኪሞች ቢያነቡትም ይጠቅማቸዋል። ወረቀቱን ይዞ ኮሪደር ላይ "ፖዘቲቭ ማለት ምን ማለት ነው?" እያለ የሚጠይቅ የታማሚ ቤተሰብም የሚያገኝበት ነገር አለ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። አሁን ደረቱን እያፈነው ያለ፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድበት፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ካለ ማንበቡን ይተው። ባገኘው ባጃጅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ፈለገ ሕይወት አለ፣ ጥበበ ግዮን አለ። "ብርድ ነው የመታኝ" ወይም "ጨጓራዬ ተነስቶ ነው" እያሉ እስኪነጋ መጠበቅ ብዙ ያስከፍላል። ሴቶች፣ አዛውንቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ የደረት ሕመሙ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ ድካም ብቻ ሆኖ ይመጣል።

ወደ ሥራችን እንግባ። የኔ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የትሮፖኒን ውጤት ሁለት ነገር ካልታወቀ አይነበብም። አንደኛው፣ ኪቱ (የመመርመሪያው ዕቃ) ውስጥ ያለው አንቲቦዲ፣ ማለትም ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዘው ነገር፣ ምኑን እንደሚይዝ ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ ከጀመረ በስንተኛው ሰዓት ደሙ እንደተቀዳ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እነዚህን ሁለቱን ለመጠበቅ ናቸው።

አንቲቦዲው የሚይዘው ምኑን ነው?

ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ ካሴቱ፣ መስመር ወደምታወጣው ትንሽ የመመርመሪያ ፕላስቲክ፣ እንዳትሄዱ። ኋላ ላይ ግራ የሚያጋቡ ውጤቶች ሁሉ ከዚህ ነው የሚፈቱት።

ትሮፖኒን የጡንቻን መኮማተር የሚቆጣጠር የሦስት ፕሮቲኖች ጥምረት ነው፤ ሲ፣ አይ እና ቲ ይባላሉ። ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኢባሺ በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው ለዓለም ያስተዋወቁት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ትሮፖኒን ሲ ካልሲየም ይይዛል። ትሮፖኒን ቲ ጥምረቱን ትሮፖማዮሲን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ያያይዛል። ትሮፖኒን አይ ደግሞ ካልሲየም እስኪመጣ ድረስ ጡንቻው እንዳይኮማተር ያግዳል።

ሲ ለልብ ምርመራ አይሆንም። ልብ ውስጥ ያለው ሲ በእጅና በእግር ዝግተኛ ጡንቻዎች ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። አይ እና ቲ ግን የልብ ብቻ የሆነ ዓይነት አላቸው። የልብ ትሮፖኒን አይ መነሻው ጫፍ ላይ ሌሎች ጡንቻዎች የሌላቸው 30 ገደማ ትርፍ አሚኖ አሲዶች አሉት። ቀሪው ክፍልም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ከሌሎቹ ይለያል። ምርመራው የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

አንቲቦዲ ፕሮቲኑን በሙሉ አቅፎ አይይዝም። ጥቂት አሚኖ አሲዶች የሚሠሩትን አንዲት ትንሽ ቦታ ለይቶ ነው የሚይዘው። ቦታዋ ኢፒቶፕ ትባላለች። አንድ ኢፒቶፕ ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ በብዛት ማምረት የተቻለው ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን በ1975 ባወጡት ዘዴ ነው። ሁለቱም በ1984 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በ1989 ደግሞ ጀርመናዊው የልብ ሐኪም ሁጎ ካቱስና ባልደረቦቻቸው የትሮፖኒን ቲ ምርመራን አሳተሙ።

የዚያ ምርመራ የመጀመሪያ ትውልድ ግን ጉድለት ነበረበት። ከሁለቱ አንቲቦዲዎች አንዱ የሌላ ጡንቻ ትሮፖኒን ቲንም በመጠኑ ይይዝ ነበር። ጡንቻው ክፉኛ የተጎዳ ሰው ልቡ ደህና ሆኖ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። በሁለተኛው ትውልድ ያ አንቲቦዲ ተቀየረ። መለኪያው ያው ትሮፖኒን ቲ ነው፤ የተቀየረው አንቲቦዲው ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ።

አሁን ወደ አሠራሩ። የታጠበ ጋቢ ሲጨመቅ ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ ይይዛል። እዚህም እንደዚያው ሁለት አንቲቦዲዎች አሉ። አንደኛው ወረቀቱ ወይም ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ሁለተኛው ቀለም ወይም ብርሃን የሚሰጥ ምልክት ተሸክሟል። ምልክቱ የሚቆጠረው ሁለቱም አንዱን ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ሲይዙት ብቻ ነው። ጋቢው መሃሉ ላይ ከተቀደደ እያንዳንዱ ግማሽ ግማሹን ይዞ ይቀራል፤ ምልክቱም ይጠፋል።

መቀደዱ በእውነት ይደርሳል። የልብ ሴል ሲሞት ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ትሮፖኒን አይን ከሁለቱም ጫፍ ይቆርጡታል። መሃሉ ግን ይተርፋል። በግምት ከ30ኛው እስከ 110ኛው አሚኖ አሲድ ያለው ክፍል ከትሮፖኒን ሲ ጋር ተያይዞ ስለሚቆይ ለኢንዛይሞቹ አይመችም። ስለዚህ ጥሩ ኪት አንቲቦዲዎቹን ወደዚህ መሃል ያነጣጥራል። ጫፍ ላይ ያነጣጠረ ኪት ሕመሙ ከጀመረ ቆየት ያለን ታማሚ ወይም ብዙ የቆመን ናሙና አሳንሶ ሊያነብ ይችላል።

1. የኪቱን ወረቀት አንብቡ

ሣጥኑ ውስጥ ተጣጥፎ ያለውን ቀጭን ወረቀት ብዙ ሰው ይጥለዋል። አትጣሉት። በላዩ ላይ አራት ነገር ፈልጉ።

አይ ነው ወይስ ቲ? የትኛውን ናሙና ይቀበላል፤ ሙሉ ደም፣ ሲረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ወይስ ፕላዝማ (ሳይረጋ የሚለየው)? አንቲቦዲዎቹ የትኛውን ክፍል ይይዛሉ? (ሁሉም አምራች አይጽፈውም፤ የጻፈውን አምራች እኔ አስቀድማለሁ።) አራተኛውና ዋናው፣ ፖዘቲቭ ማለት የሚጀምረው ከስንት ነው?

የመጨረሻውን ላብራራ። በየክሊኒኩ የምናየው ካሴት አብዛኛውን ጊዜ መስመር የሚያወጣው ትሮፖኒን አይ በሚሊሊትር 0.5 ናኖግራም አካባቢ ሲደርስ ነው። በሊትር ሲሰላ 500 ናኖግራም ነው። ከፍተኛ ስሜታዊነት ካላቸው ማሽኖች አንዱ የሆነው የአቦት አርኪቴክት ትሮፖኒን አይ ግን የጤናማ ሰው ጣሪያ የሚለው ለሴት 16፣ ለወንድ 34 ናኖግራም በሊትር ነው። ልዩነቱን እዩት። ማሽኑ "ከፍ ብሏል" የሚለው ታማሚ ካሴቱ ላይ ጥርት ያለ ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። ካሴቱ አልዋሸም። የተሠራው ትልቅ ጉዳትን ለማየት ነው። ውጤቱን የሚያነበው ሐኪም ይህን ማወቅ አለበት፤ ሊነግረው የሚችለው ደግሞ ላብራቶሪው ነው።

የማብቂያ ቀኑን ስታነቡም ልብ በሉ። 08 ማለት ሚያዝያ አይደለም፤ ኦገስት ነው፣ ነሐሴ ገደማ።

2. ኪቱን ከሙቀትና ከእርጥበት ጠብቁ

አንቲቦዲም ፕሮቲን ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል። አብዛኞቹ ካሴቶች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጡ ይላሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 30 መድረስ አያቅታትም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የተዘጋ መጋዘን ደግሞ ከደጁ ይብሳል። ገንዘብ የማትቆጥቡበት ጉዳይ ቢኖር ቴርሞሜትር ነው። አንድ ግድግዳው ላይ ስቀሉ፤ ጠዋትና ከሰዓት መዝግቡ።

ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት መብራት በሄደ ቁጥር መዝገቡን ተመልከቱ። ከፍሪጅ የወጣ ካሴት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ እሽጉ ሳይከፈት ይቆይ። ቀዝቃዛውን ከከፈታችሁት ጤዛ ያዝበታል። በክረምት የሐይቁ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ቀድሞ የተከፈተ እሽግ ዋጋ የለውም። ታማሚው ፊታችሁ ሳይቀመጥ እሽግ አትቅደዱ።

3. ሰዓቱን ጠይቁ፣ በትክክልም ጻፉ

ከሁሉም ደረጃ እዚህ ላይ ነው መቆየት የምፈልገው። ትልቁ ስህተት የሚሠራው በመርፌም በማሽንም ሳይሆን በሰዓት ነው።

ትሮፖኒን ሕመሙ እንደጀመረ ወዲያው ደም ውስጥ አይሞላም። በተለመዱት ምርመራዎች መታየት የሚጀምረው ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አይ አንድ ሳምንት ገደማ፣ ቲ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ "መቼ ጀመረዎት?" የሚለው ጥያቄ የምርመራው አካል ነው።

"አባባ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?" ስትሏቸው "ማታ" ይሏችኋል። አትቀበሉ። "ራት ከበሉ በኋላ ነው በፊት? ተኝተው ነው የቀሰቀስዎት? ዶሮ ጮኾ ነበር?" ብላችሁ ቀጥሉ። ከዘጌ በጠዋቷ ጀልባ የመጡ እናት "ቡና ስቆላ" ካሉ ያ ጥሩ ሰዓት ነው፤ አብሯቸው የመጣው ልጅ ያስተካክልላችኋል። ከደቅ ደሴት የመጣ ሰው ደግሞ ጀልባ ጠብቆ አንድ ቀን አልፎት ሊሆን ይችላል። ለምርመራው ይህ መዘግየት ይመቻል፤ ትሮፖኒኑ በደንብ ወጥቷል። ለልቡ ግን በፍጹም አይመችም። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል።

አሁን ወደ እኛው ጣጣ እንምጣ። እኛ በሐበሻ ሰዓት እንጽፋለን፤ ማሽኑ በፈረንጅ ያትማል። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው። የሚገርመው ደግሞ ሁለተኛ ናሙና የሚወሰድበት ጊዜም ከ3 እስከ 6 ሰዓት ነው። ሲስተሯ የመጀመሪያውን ናሙና "3:00" ብላ ጻፈች እንበል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቷ ነው። ሁለተኛው ተብሎ የገባው ናሙና ላይ ማሽኑ "09:10" ብሎ አተመ። ወረቀቱን የሚያይ ሐኪም 6 ሰዓት አልፏል ብሎ ያስባል። የእውነት ያለፈው 10 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ውጤቶች እኩል ይሆናሉ፤ "አልጨመረም" ተብሎ ታማሚው ወደ ቤቱ ይላካል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክሊኒኩ ወይ በሐበሻ ወይ በፈረንጅ አንዱን ይምረጥ። የማሽኑ ሰዓት በዚያው ይስተካከል። ካልተቻለ "ጠዋት"፣ "ከሰዓት"፣ "ማታ"፣ "ሌሊት" የሚለው ቃል ከቁጥሩ አይለይ። ቲዩቡ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ የታማሚው መለያ፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት።

4. ደሙን ቅዱ

ኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚስለው ምርመራ) መቅደም አለበት። ታማሚው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ ነው የሚመከረው። ኢሲጂው ኤስቲ የሚባለው የመስመሩ ክፍል ከፍ ማለቱን በግልጽ ካሳየ ሕክምናው ትሮፖኒን አይጠብቅም። "ላብ ይውጣና እናያለን" የሚል ካለ በትህትና አስታውሱት።

ቱርኒኬቱን ብዙ አታቆዩ፤ ደሙን በኃይል አትሳቡ። በመርፌው ጫና የፈረሰ ቀይ የደም ሴል ውጤቱን ያዛባል። እንደ ምርመራው ዓይነት ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

የቲዩቡ ዓይነት ላይ ብዙ ሰው ግድ የለውም። ሊኖረው ይገባል። ደም እንዳይረጋ ቲዩብ ውስጥ የሚጨመረው ኢዲቲኤ ካልሲየምን ይይዛል። ትሮፖኒን አይ እና ሲ ተያይዘው የሚቆዩት ደግሞ በካልሲየም ነው። ካልሲየሙ ሲወሰድ ይለያያሉ፤ አንዳንዱ አንቲቦዲ የተለያየውን ፕሮቲን የሚይዘው በሌላ አቅም ነው። ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪንም በአንዳንድ ምርመራ ቁጥሩን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የኪቱ ወረቀት የፈቀደውን ምረጡ። ሁለተኛውንም ናሙና በዚያው ዓይነት ቲዩብ ውሰዱ። መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ክዳን አይሆንም።

5. ሲረሙን በደንብ ለዩ

ቀይ ክዳን ባለው ቲዩብ የተቀዳ ደም እስኪረጋ 30 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ "አልደረሰም?" ቢልም ጠብቁ። በደንብ ሳይረጋ ሴንትሪፊውጅ (አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን) የገባ ደም ቀጫጭን የፋይብሪን ክሮች ይተዋል። ክሮቹ ማሽኑ ውስጥ ምልክት ተሸካሚውን አንቲቦዲ ይዘው ያስቀራሉ፤ ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ይወጣለታል። ሄፓሪን የጀመረ ታማሚ ደሙ ለመርጋት የበለጠ ይቆያል።

ሴንትሪፊውጁን በዙር ብቻ አትለኩ። ወረቀቱ የሚጽፈው በስበት ኃይል እጥፍ ነው፤ የኛ ትንንሽ ሴንትሪፊውጆች የሚያሳዩት ደግሞ ዙር በደቂቃ ነው። ከመሃሉ እስከ ቲዩቡ ግርጌ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴንትሪፊውጅ በ4,000 ዙር ሲሽከረከር ወደ 1,790 እጥፍ ይሰጣል። ማስሊያው ይህ ነው፤ 0.00001118 ሲባዛ በራዲየሱ በሴንቲ ሜትር፣ ሲባዛ በዙሩ፣ እንደገና ሲባዛ በዙሩ። አንዴ አስሉና ክዳኑ ላይ ለጥፉት።

6. ካሴቱን ሥሩ

ካሴቱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርጉ፤ ስሙንና ሰዓቱን ጻፉበት። ወረቀቱ ያለውን ያህል ጠብታ ብቻ ጨምሩ። የአየር አረፋ አይግባ። ከዚያ ሰዓት ያዙ።

ናሙናው መጀመሪያ የወርቅ ቅንጣት ከተሸከሙ አንቲቦዲዎች ጋር ይገናኛል። አዎ፣ እውነተኛ ወርቅ ነው፤ እጅግ ደቃቅ ሲሆን ቀይ ይመስላል። ትሮፖኒን ካለ ወርቅ ተሸካሚው ይይዘዋል፤ አብረው በወረቀቱ ላይ ይሄዳሉ። የቲ መስመር ላይ የተጣበቀው ሌላኛው አንቲቦዲ ያስቆማቸዋል፤ ቀይ መስመር ይወጣል። ያልተያዘው ወርቅ ቀጥሎ የሲ መስመርን ያቀላል። (እዚህ ቲ እና ሲ የመስመሮቹ ስም ናቸው። ከትሮፖኒን ቲ እና ሲ ጋር አይገናኙም፤ አዲስ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይጠይቃሉ።)

አብዛኞቹ ካሴቶች በ10 ደቂቃ ይነበቡ፣ ከ20 በኋላ አይነበቡ ይላሉ። ዘግይቶ ብቅ ያለ መስመር አይቆጠርም። በሰዓቱ የታየ ደብዛዛ መስመር ግን ፖዘቲቭ ነው። "ትንሽ ፖዘቲቭ" ብላችሁ አትጻፉ። የሲ መስመር ካልመጣ ካሴቱ ተበላሽቷል፤ በሌላ ድገሙት።

የሲ መስመር መጣ ማለት ግን ሁሉም ሰላም ነው ማለት አይደለም። የሚነግራችሁ ፈሳሹ መሄዱንና ወርቁ መኖሩን ብቻ ነው። የቲ መስመሩ አንቲቦዲ በሙቀት ሞቶ ቢሆን እንኳ ሲ ቀልቶ ይታያል። ለዚህ ነው ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ የሚያስፈልገው። አዲስ ሎት ሲገባ፣ ኪቱ ሙቀት ሲያገኘው፣ ከዚያም በየጊዜው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኮንትሮል ሥሩ። ኮንትሮል መግዛት ካልተቻለ የታወቀ ፖዘቲቭ ሲረም በትንንሹ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ጊዜ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

7. ማሽን ያላችሁ

ካሊብሬሽኑንና ኮንትሮሉን አትዝለሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ካቆመበት አይቀጥል፤ ኮንትሮል አስገቡ። ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም።

ከሁሉም በላይ መለኪያውን አስተውሉ። 0.04 ናኖግራም በሚሊሊትር እና 40 ናኖግራም በሊትር አንድ ናቸው። ፒኮግራም በሚሊሊትርም ከናኖግራም በሊትር ጋር እኩል ነው። መለኪያ የሌለው ቁጥር ወረቀት ላይ እንዳይወጣ።

8. ሁለተኛውን ናሙና ውሰዱ

አንድ ውጤት የልብ ጥቃትን አያረጋግጥም፤ አንድ ኔጋቲቭም ነጻ አያወጣም። በ2018 በወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ መሠረት የልብ ጡንቻ ድንገተኛ ሞት ለማለት ትሮፖኒኑ ሲወጣ ወይም ሲወርድ መታየት አለበት። ቢያንስ አንዱ ቁጥር ከጤናማዎች 99ኛ ፐርሰንታይል (ከ100 ጤናማ ሰዎች 99ኙ የማያልፉት ቁጥር) በላይ መሆን አለበት። በዚያ ላይ የልብ ደም እጥረትን የሚያሳይ ምልክት ወይም ኢሲጂ ወይም ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

በካሴት ወይም በተለመደ ማሽን የምትሠሩ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይታችሁ ድገሙ። ከፍተኛ ስሜታዊነት ያለው ማሽን ያላቸው ሆስፒታሎች በ1፣ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ይደግማሉ።

ከፍ ብሎ እዚያው የሚቆም ቁጥር ሌላ ታሪክ ይናገራል። የኩላሊት ሕመምተኛ፣ የቆየ የልብ ድካም ያለበት ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል። የሚወጣና የሚወርድ ሆኖ የደም ሥር መዘጋት ያልሆነም አለ፤ የልብ ጡንቻ ብግነት፣ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም፣ ደም ውስጥ የገባ ከባድ ኢንፌክሽን፣ በጣም የፈጠነ የልብ ምት። አንቲቦዲው ትሮፖኒን መኖሩን ይነግረናል እንጂ ለምን እንደወጣ አይነግረንም። ያ የሐኪሙ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ እዚህ ከተማ በየቀኑ የሚያጋጥመን። ታማሚው ግል ክሊኒክ ተመርምሮ አንድ ቁጥር ይይዛል። ከዚያ ሆስፒታል ሄዶ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ቤተሰቡ ሁለቱን ያነጻጽራል፤ አንዳንዴ ሐኪሙም። አይነጻጸሩም። ትሮፖኒን አይን ብዙ አምራቾች ይሠሩታል፤ እያንዳንዱ የራሱ አንቲቦዲ፣ የራሱ ኢፒቶፕ አለው። አንድ ደም ሁለት ማሽን ላይ እጅግ የተራራቀ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ወጣ ወረደ ለማለት ሁለቱም ናሙና በአንድ ማሽን መሠራት አለበት። ስለዚህ ታማሚ ስትልኩ ወረቀቱን ብቻ አትላኩ። የተረፈውን ሲረም በበረዶ ሣጥን አብራችሁ ላኩ፤ ሆስፒታሉ በራሱ ማሽን የመጀመሪያውን ሰዓት ማየት ይችላል።

9. ውጤቱና ታማሚው ካልተስማሙ

ከፍ ያለ ቁጥር፣ ደህና ኢሲጂ፣ ሕመም የሌለው ሰው። መጀመሪያ ናሙናውን እንደገና ሴንትሪፊውጅ አድርጋችሁ ድገሙ፤ ፋይብሪን ከነበረ ቁጥሩ ይወርዳል። ካልወረደ አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ የሚገኙ፣ የኪቱን ሁለት አንቲቦዲዎች ያለ ትሮፖኒን የሚያገናኙ አንቲቦዲዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የቁርጥማት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ የሚታየው ሩማቶይድ ፋክተርም ይህን ያደርጋል። ለማወቅ ሲረሙን በእጥፍ አቅጥኑት። ቁጥሩ በትክክል በግማሽ ከቀነሰ ትሮፖኒን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልቀነሰ ጠርጥሩ፤ ሌላ አምራች ማሽን ላይ አሠሩት።

የተገላቢጦሹም አለ። የልብ ጥቃቱ ግልጽ ሆኖ ውጤቱ ዝቅተኛ ሲሆን አራት ነገር አስቡ። ደሙ ቶሎ ተቀድቶ ይሆን? ታማሚዋ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን እየወሰደች ይሆን? ባዮቲንን ለማጣበቂያ የሚጠቀሙ ማሽኖች ላይ ቁጥሩን ይጥለዋል። ትሮፖኒኑ እጅግ በዝቶ ሁለቱን አንቲቦዲዎች ለየብቻ አጥግቧቸው ይሆን? ማቅጠን ይገልጠዋል። ወይስ ታማሚው ራሱ በትሮፖኒን ላይ የተነሳ አንቲቦዲ አለው? ይህኛው ያናድዳል። ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው ያንኑ የተመረጠውን መሃል ክፍል ነው።

10. ውጤቱን ጻፉ

"ትሮፖኒን፦ ኔጋቲቭ" ብቻ አትጻፉ። የሚበቃ ውጤት እንዲህ ይመስላል፦ "የልብ ትሮፖኒን አይ፣ በካሴት፦ ኔጋቲቭ። ካሴቱ የሚያየው ከ0.5 ናኖግራም በሚሊሊትር በላይ ነው። ሕመሙ የጀመረው ሌሊት 11 ሰዓት፤ ደሙ የተቀዳው ጠዋት 1:30። ከጀመረ 2 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ከጠዋቱ 4:30 እስከ ቀኑ 7:30 ባለው ጊዜ ውስጥ ድጋሚ ናሙና ይላክ።"

ፖዘቲቭ ከሆነ ወረቀቱ እስኪወሰድ አትጠብቁ። ለሐኪሙ ደውሉ፤ የደወላችሁበትን ሰዓትና የተቀበለውን ሰው መዝገቡ ላይ ጻፉ። ሰዓቱ ሐበሻ ይሁን ፈረንጅ እዚያም ይጻፍ።